የባለ እጁ ለቅሶ

አንድ ይርዳው የሚባል ሰው ነበር። ርስት ያለው፣ በሬ የሚጠምድ፣ ዘሩ ቢቆጠር ከማንም የማያንስ ገበሬ ነው። ችግሩ እጁ አላርፍ አለው። ዝናብ ከእርሻ ያስቀረው ቀን ሌላው ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ሲያንቀላፋ እሱ እንጨት ይጠርባል፤ እንጨት ሲያልቅበት ብረት ያግላል፤ ብረት ሲያልቅበት ጠፍር ያለፋል። ሰባራ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። እጀታው የወለቀ ማጭድ ደጅ ወድቆ ካየ ባለቤቱን እንኳ ሳይጠይቅ ቁጭ ብሎ ይጠግነዋል። ባለቤቱ ሲመጣ «ያንተ ነው እንዴ? እንካ፣ ሁለተኛ ዝናብ ላይ አታሳድረው!» ብሎ ተቆጥቶ ይሰጠዋል።

በዚህ እጁ የወለዳቸውን ብቻ አይደለም ያሳደገው። የሞተ ወንድሙን ልጆች፣ ባሏ ጥሏት የሄደውን እኅቱን፣ ማን እንዳመጣቸው የማይታወቅ ዘመዶችን ሁሉ አኑሯል። መዳፉን ብታዩት! የከሰሉ ጥላሸት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ቢታጠብ ቢታጠብ አይለቅም። ልጁ አንጓች ሕፃን ሳለች ጉንጯን ሲዳብሳት «ሻከረኝ!» ብላ ትጮህ ነበር። ከፍ ስትል ግን ከአጠገቡ የሚያስነሣት ጠፋ። ወናፍ ትነፋለታለች፣ መሮ ታቀብለዋለች፤ እሱም ሥራውን እየሠራ ሲያጫውታት ይውላል።

ወደ ይርዳው የሚመጣ ሰው ግን በጓሮ በኩል ነው የሚመጣው። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ብረት የሚቀጠቅጥ፣ እንጨት የሚጠርብ ሰው «ባለ እጅ» ይባላል፤ ባለ እጅ ደግሞ ስድብ ነው። እጅ መኖሩ ስድብ የሆነበት አገር! እስቲ አሁን ይህን ምን ይሉታል? ተሳዳቢው በምኑ ነው የሚጎርሰው? ማረሻው ሲዶለዱም «አያ ይርዳው፣ ነፍሴ፣ አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» እያለ ይመጣል። ማረሻው ከተሳለ በኋላ ገበያ ላይ ሲያገኘው እንዳላየ ሆኖ ያልፈዋል። ይርዳው ይህን ያውቃል፤ ስቆ ይተወዋል። አንጓች ግን አትስቅም ነበር። ማን በጓሮ እንደመጣና ማን በገበያ ፊቱን እንዳዞረ አንድ በአንድ ትይዝባቸዋለች።

ይርዳው አርጅቶ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ አንድ ቀን ታመምኩ ብሎ ተኛና በዚያው ሞተ።

እንግዲህ በዚያ አገር ሰው ሲሞት ከቀብሩ በኋላ ሜዳ ላይ ለቅሶ ይወጣል። ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ይቆማል፤ በክቡ መካከል የሟቹ ዕቃ ይዞራል። ጠመንጃ የነበረው ጠመንጃው፣ ጋሻ የነበረው ጋሻው፣ ፈረስ የነበረው ፈረሱ። አልቃሿ ያንን እያየች ግጥም ታወርዳለች። ሟቹ ለልጅ ልጅ የሚታወሰው በዚያ ቀን በዞረለት ዕቃ ነው። «እገሌ ማን ነበር?» ሲባል «እንዲህ ያለ ነገር የዞረለት» ይባላል፤ አለቀ።

ይርዳው ጠመንጃ አልነበረውም። በዚህ የበኩር ልጁ አጥናፉ እንቅልፍ አጣ። ያለ ምክንያት አይደለም። የአገሩ ገዢ ፊታውራሪ ላቀው ጭቃ ሹም ሊያደርጉት፣ የመንደሩ አለቃ ሊያደርጉት ማለት ነው፣ ቃል ገብተውለት ነበር። ፊታውራሪ አስጠሩትና «ስማኝ አጥናፉ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ሾመብን እንዲሉኝ አልፈልግም። ጠመንጃዬንም ጋሻዬንም ውሰድ። አባትህ አዳኝ ነበር፣ ዘማች ነበር ተብሎ ይለቀስለት። ከለቅሶው በኋላ ትሾማለህ» አሉት። አጥናፉ እጅ ነሥቶ ተቀበለ።

ጠመንጃውን ይዞ ቤት ሲገባ አንጓች አየችው።

«የማን ነው?»

«የአባባ ነው።»

«አባባ ጠመንጃ ነበረው?»

«ለነገ ነበረው።»

«አያ፣ እግዜር ያሳይህ! አባባ እኮ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው!»

«ዝም በይ!» አለ አጥናፉ። «አንቺ ነገ ባል አግብተሽ ሌላ አገር ትሄጃለሽ። እዚህ አንገቴን ደፍቼ የምኖረው እኔ ነኝ።»

«አንገትህን የደፋኸውማ አሁን ነው። ያሳደገህን እጅ ደብቀህ በሰው ብረት ልታለቅስለት! እሱ መሆኑን በምን ያውቃል? መንገድ ላይ ቢያገኘን ለሌላ ሰው የምናለቅስ አይመስለውም?»

«አንጓች፣ ነገ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ እኅት የለኝም።»

እሷም ተነሥታ አባቷ መሥሪያ ዕቃውን ወደሚያኖርበት ጥግ ሄደች። እሺ ማለቷ ግን አልነበረም።

ለቅሶው ወጣ። ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ፊታውራሪ ላቀው ዛፍ ጥላ ሥር፣ መደገፊያው ባማረ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። አጥናፉ ጠመንጃውን ከፍ አድርጎ መዞር ጀመረ። እትዬ ብርቄ የምትባለው አልቃሽ ደረቷን እየመታች አወረደችው፦

ጎራው ተሸበረ፣ ጫካው ባዶ ቀረ፤
አንበሳ ገዳዩ ይርዳው ተቀበረ።

ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ ጎረቤት ሳል ያዘው፤ ሳል እንዳልሆነ ግን ሁሉም አውቋል። «አንበሳ? አያ ይርዳው?» አለች አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከሩቅ ላያት የምታለቅስ ነበር የምትመስለው። አንጓች ቅርብ ነበረች። ሳቁን አየችው። ሰው ቀብሮ መጥቶ፣ ገና አፈሩ ሳይደርቅ፣ በአባቷ ላይ እየሳቀ ነው! በሕይወቱ ሳለ በጓሮ መጡበት፤ ሞቶም ሊሳቅበት ነው እንዴ?

ከነጠላዋ ሥር የያዘችውን አወጣች። በቀኝ እጇ መጥረቢያ፣ በግራ እጇ ሞረድ። ሁለቱንም ጀግና ጠመንጃ እንደሚያነሣ አንሥታ ክቡ ውስጥ ገባች።

«እትዬ ብርቄ፣ አቁሚ! የማን አባት ነው የሚለቀሰው? የኔ አባት አንበሳ አልገደለም። የኔ አባት ይሄ ነው! በዚህ ነው ያሳደገን!»

እትዬ ብርቄ ደነገጠች። «ውይ ልጄ፣ ለመጥረቢያ የሚሆን ግጥም የለኝማ! እኔ የማውቀው የገዳይ ነው።»

«እንግዲያው እኔው አለቅሰዋለሁ» አለች አንጓች፤ ድምፅዋ እየሰለለ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ፦

አልገደለም አባ፣ ደም አላፈሰሰም፤
በጁ ያቆመውን ሰው አላፈረሰም።
ባለ እጅ ነው በሉት፣ ስሙን አልደብቅም፤
ያጎረሰኝን እጅ ሞተ ብዬ አልንቅም።

«አስወጧት!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ። «ሜዳዬን በባለ እጅ ዕቃ የምታረክሰው ይህች ማን ናት?»

«ልጁ ነኝ» አለች አንጓች። «እጁ የሚያረክስ ከሆነ ጌታዬ፣ እንግዲያው ከወንበሩ ይነሡልኝ።»

«ምን አልሽ አንቺ?»

«የተቀመጡበትን ወንበር የሠራው አባቴ ነው። ሜዳው በመጥረቢያው ከረከሰ እርስዎም በወንበሩ ረክሰዋል። ይነሡ!»

ወይ ጉድ! ፊታውራሪ ተቀምጠው ቢቀሩ ልጅቷ ረታቻቸው፤ ቢነሡም ረታቻቸው። ደማቸው ፈላና ብድግ አሉ። ንዴት ደግሞ አፍን አያስጠብቅምና እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው ማሉ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የዚያ ሰው እጅ የሠራውን ነገር ብነካ፣ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

በዚያ አገር በአባት አጥንት የማለ ሰው ከአፉ የወጣውን መልሶ አይውጥም። መሐላውን ያፈረሰ ዋስ አይሆን፣ ምስክር አይሆን፣ ፍርድ አይሰጥ። ስለዚህ ፊታውራሪ በኩራት ዞረው ወደ በቅሏቸው ሄዱ። እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ዓይናቸው ኮርቻው ላይ ዐረፈ። ኮርቻው የይርዳው ሥራ ነው። እግራቸውን ቀስ አድርገው መልሰው መሬት አኖሩ። በእግራቸው ሄዱ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ድልድዩን ያጋደመው ይርዳው ነው። ካባቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ አሽከሮቻቸው በድልድዩ ላይ ሆነው በአዘኔታ ያዩዋቸዋል።

ቤታቸው ሲደርሱ በራፍ ላይ ተገትረው ቀሩ።

«ምነው፣ ምን ሆነው ነው እንደ እንግዳ ደጅ የሚቆሙት?» አሉ ሚስታቸው።

የሆነውን ነገሯቸው። ሚስትየዋ ሰምተው ሰምተው ራሳቸውን ያዙ።

«መዝጊያው የይርዳው ነው፤ እሺ እኔ ልክፈትልዎ። ሲገቡ የሚረግጡት መድረኩስ? እሱም የይርዳው ነው። ገብተውስ የት ሊተኙ ነው? አልጋው የሱ አይደለም?»

«ቢያንስ አሽከሮቹ ያስገቡትን ጠመንጃዬን አቀብዪኝ!» አሉ ፊታውራሪ በንዴት።

«ሰደፉ የተሰበረ ጊዜ ማን ነበር የተካው?»

ፊታውራሪ የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አገር የሚገዙት ሰው ጭድ ቤት ማደር ያዙ። ችሎት ሲቀመጡ፣ ማለቴ ሲቆሙ፣ ቆመው ይፈርዳሉ፤ ነገሩ ሲረዝም ጉልበታቸው እየከዳቸው ለማንም ለማንም ይፈርዱለት ጀመር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የቅጥሩን በር ያዩና ከውጭ ሆነው ያስቀድሳሉ። ሰው «ፊታውራሪ፣ ደኅና አደሩ?» እያለ በበሩ ያልፋል። ያ የናቁት ሰው ኑሯቸውን ሁሉ ሠርቶላቸው እንደነበር ያወቁት ያኔ ነው። ሲያገኙት ግን እግዜር ይስጥልኝ ብለውት አያውቁም።

ጭንቅ ሲላቸው ሽማግሌዎች ወደ አንጓች ቤት ላኩ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ አጥናፉም አብሮ ተቀመጠ።

«ልጃችን፣ ነገሩ ቀላል ነው» አሉ ታላቁ ሽማግሌ። «‹በኀዘን ናላዬ ዞሮ ነው የተናገርኩት› በይ። ያኔ ፊታውራሪ የማሉት በእብድ ቃል ላይ ነው ይባላል፤ መሐላው ይፈርሳል። ወንድምሽም ሹመቱን ያገኛል። ሁላችንም እናርፋለን።»

አጥናፉ እኅቱን አያት። ከለቅሶው ቀን ጀምሮ አናግሯት አያውቅም።

«አንጓች፣ አንዲት ቃል እኮ ናት» አላት። «ሹመቱ ለኔ ብቻ መሰለሽ? የአባባን ቤት ነው የማቀናበት።»

«በምን ታቀናዋለህ?» አለች። «አባባ አንበሳ ገዳይ ነበር ብለን፣ ልጁ ደግሞ እብድ ናት ብለን? ታዲያ ከሱ ምን ቀረን? አንድ እውነት እንኳ ሳንተውለት!» ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። «አባቶቼ፣ ናላዬ አልዞረም። ረግቼ ነው የተናገርኩት፤ ዛሬም እደግመዋለሁ። ፊታውራሪ መፈታት ከፈለጉ በተዝካሩ ቀን እዚያው ሜዳ ላይ፣ ያው ሕዝብ እየሰማ፣ አባቴ ምን እንደነበር በራሳቸው አፍ ይናገሩ፤ መሐላውን የሰማው ሕዝብ መልሶ ይፈታቸዋል። ከዚህ ሌላ ነገር የለኝም።»

«ፊታውራሪ እኮ ናቸው፣ ልጄ!»

«እኔም የይርዳው ልጅ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ሄዱ። አጥናፉም በሩን ደርግሞባት ወጣ። አንጓች ብቻዋን ቀረች። ደፋር ነበረች እንጂ ድንጋይ አልነበረችም። ወንድሟን ወድዳ አይደለም ያጣችው። «አባባ፣ ልክ ነኝ?» ብላ ጠየቀች።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ቀን ለአጥናፉ ምሳ ይዛለት እርሻ ወረደች። ቢያኮርፋትም ምሳውን አላስቀረችበትም። ከሩቅ ስታየው በሬዎቹ ቆመዋል። ማረሻው ወልቆበታል። አጥናፉ ይዞ ያገላብጠዋል፤ መልሶ ሊሰካው ይሞክራል፤ ይወልቃል። በመጨረሻ ይዞት ብድግ አለና ወደ ቤት አቅጣጫ ጥቂት ተራመደ፤ ከዚያ ቆመ። «አባባ፣ ማረሻው ወለቀ» ሊል መሄዱ ነበር። የሚሄድበት ሰው እንደሌለ ትዝ ያለው መንገድ ላይ ነው። ትልቁ ሰውዬ ትልሙ ላይ ቁጭ አለና ማረሻውን ታቅፎ ተንሰቀሰቀ። በለቅሶው ሜዳ ላይ ጠመንጃ ይዞ ሲዞር አንዲት የእንባ ዘለላ አልወጣውም ነበር። አንጓች ምሳውን ዳር ላይ አስቀምጣ ድምፅ ሳታሰማ ተመለሰች።

ተዝካሩ ደረሰ። ሰው ሁሉ መጣ፤ ነገሩን ሰምቷላ! ፊታውራሪ ላቀውም በእግራቸው መጡ፤ ከስተዋል፤ ካባቸው ላይ ጭድ ተጣብቋል። ክቡ መካከል ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይርዳው… ባለ እጅ ነበር» አሉ በለሆሳስ።

«ከኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች አንጓች።

የሳቀ አልነበረም። ፊታውራሪ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲገልጡት ሌላ ሰው ሆነው ነበር። ጮክ ብለው «ይርዳው ባለ እጅ ነበር!» አሉ። «የተቀመጥኩበትን፣ የተኛሁበትን፣ የተሻገርኩበትን የሠራልኝ እሱ ነው። በዚህ ሜዳ ላይ በሰው ዕቃ ያስለቀስኩት እኔ ነኝ። ያሳፈርኩት እሱን መስሎኝ ነበር፤ ያፈርኩት እኔ ነኝ። መሐላዬን ይፍቱኝ!»

«ይፍታዎ!» አለ ሕዝቡ።

አንጓች መጥረቢያውን ይዛ ቆማለች። ፊታውራሪ ወደ እርሷ መጥተው እጃቸውን ዘረጉ። «አምጪው፣ እኔው ይዤ ልዙርለት። ካሣ ይሁነኝ» አሉ።

አንጓች ልትሰጣቸው እጇን ስትዘረጋ ሌላ እጅ ከመካከል ገባ። አጥናፉ ነው።

«ይቅርታ ጌታዬ» አለ። «ይህን የሚይዘው ልጁ ነው።»

ፊታውራሪ ዝቅ ባለ ድምፅ «አጥናፉ፣ ልብ በል» አሉት። «እኔ ብይዘው ካሣ ነው፤ አንተ ብትይዘው ግን የባለ እጅ ልጅ ነኝ ማለትህ ነው። ከዚህ በኋላ ልሹምህ ብል አገሬው አይቀበለኝም።»

«ይቅርብኝ።»

መጥረቢያውን ወሰደ። ከራሱ በላይ አነሣው። ጠመንጃውን ይዞ ሲዞር ያልወጣው ድምፅ ያኔ ከሆዱ ወጣ፦

«ዘራፍ! ዘራፍ የባለ እጁ ልጅ! የቀንበር ጠራቢው፣ የማረሻ ሞራጁ፣ የይርዳው ልጅ!»

ፊቱ በእንባ ታጥቧል፤ እየፎከረ ይዞራል፤ ባለፈበት በኩል ያለው ሰው ሁሉ ያለቅሳል። ያቺ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና የነበረችው ሴት አሁን ፊቷን ገልጣ ታለቅሳለች። እትዬ ብርቄም ግጥም ፍለጋ አልደከመችም፤ እንደ ሰው ዝም ብላ አነባች። አንጓች ወንድሟ ከአጠገቧ ሲደርስ እጁን ያዘችው፤ ቀሪውን ዙር አብረው ዞሩ።

አጥናፉ ጭቃ ሹም አልሆነም። ሹመቱ ለሌላ ተሰጠ። አሁን የዚያ ሹም ስም ማን እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። «ይርዳው ማን ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ይነግራችኋል፤ በጓሮ በር ሄዶም አይነግራችሁም።

የታሪኩ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ቢሆንም ልናገረው። የሞተን ሰው በማያውቀው ክብር ጠቅልሎ መቅበር ዳግመኛ መግደል ነው። ሠርቶ ያኖረን ሰው ከኛ የሚፈልገው ጌጥ አይደለም፤ እንዳናፍርበት ብቻ ነው። አገር ሁሉ ነውር ነው ቢል፣ ሹመት ቢቀር፣ ወንድም ቢያኮርፍ፣ ያጎረሰንን እጅ በስሙ መጥራት የልጅ ዕዳ ነው። እጁን ተጠይፈን በእጁ ሥራ ላይ ተደላድለን የምንቀመጥ ሁላችን ደግሞ ከወንበሩ መነሣት ይገባናል።

እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። «አባትህ ምን ነበር? አባትሽ ምን ነበር?» ተብላችሁ ስትጠየቁ፣ ድምፃችሁን ዝቅ የምታደርጉት የቱ ላይ ስትደርሱ ነው? ለምን?